የተበላሸውን ማን ይክፈተው? በክረምት የቴክኖሎጂ ካምፖች ላይ የተደረገ ክርክር

ሐምሌ ሲገባና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በመሐል አዲስ አበባ ልጆችን ሮቦት መገጣጠምና ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ የሚያስተምሩ የክረምት ካምፖች ምዝገባ ይጀምራሉ። «እነዚህ ካምፖች ልጆቻችንን ይጠቅማሉ ወይ?» በሚለው ጭብጥ ላይ አራት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህርት በድጋፍ፣ መርካቶ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ባለሙያ ደግሞ በተቃውሞ ቀርበዋል።

መምህርቷ፦ የኤሌክትሪክ ቀመር የሆነውን የኦምን ሕግ በቃሉ የሚወጣ፣ ባትሪና አምፖል ሲሰጡት ግን ከየት እንደሚጀምር የሚጨንቀው ተማሪ በየዓመቱ ያጋጥመኛል። ባለፈው ክረምት በረዳሁበት ካምፕ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ኤል ኢ ዲ የምትባለውን ትንሽ ቀይ አምፖል ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር በቀጥታ ስታገናኛት፣ አምፖሏ ብልጭ ብላ ተቃጠለች። ልጅቷ የተቃጠለችውን አምፖል ወደ መስኮቱ አስጠግታ ትክ ብላ ካየቻት በኋላ «ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። አምፖሏ የምትፈልገው 2 ቮልት ገደማ ስለሆነ ቀሪውን 7 ቮልት የሚሸከም፣ ሬዚስተር የተባለ ጅረት የሚገታ ትንሽ ዕቃ መግባት እንዳለበት፣ ባለ 470 ኦም ብናስገባ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጅረቱ ወደ 15 ሚሊአምፒር እንደሚወርድ አብረን በወረቀት አሰላን፤ ሁለተኛዋ አምፖል በራች። ያቺ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ቀመሩን የምታገኘው እንደ ቀድሞ ወዳጅ ነው። መሣሪያውም ቢሆን ለሊቃውንት ብቻ የተሠራ አይደለም። ትእዛዝ ተጽፎለት ሞተርና መብራት የሚያንቀሳቅሰው፣ አርዱዊኖ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣሊያ፣ ኢቭሪያ ከተማ የተሠራው መሐንዲስ ላልሆኑ ተማሪዎች ታስቦ ሲሆን፣ ንድፉም ማንም እንዲገለብጠው ክፍት ነው። ልጆች የትእዛዝ ቁራጮችን እየገጣጠሙ ኮምፒውተርን የሚያዙበት ስክራች የተባለው ፕሮግራምም ያለ ክፍያ ይገኛል። ደግሞስ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ቤት የዋለ ልጅ ከስልክ ሌላ ምን ይዞ ይውላል?

ባለሙያው፦ መምህርት የነገሩን ካምፕ መልካም ነው፤ የእኔ ልጅ የሄደበት ግን እንደዚያ አልነበረም። በመዝጊያው ዕለት ወለል ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስተር ተከትላ የምትሄድ ትንሽ መኪና አሳየን፤ አጨበጨብን፤ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። በሦስተኛው ቀን ቤት ውስጥ ቆመች። ካቻቢቴ ሰጥቼው «ክፈታት» ብለው እጁን ሰበሰበና «አስተማሪያችን እንዳትነኩ ብሎናል» አለኝ። ከፍቼ ባያት ከባትሪ መያዣው አንድ ሽቦ ተነቅሏል፤ በካውያ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ክፍያ ተከፍሎ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ ተገጣጥሞ፣ ልጁ የተማረው መፍራትን ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው? እኛ ልጆች ሳለን ከሽቦ መኪና ሠርተን በቆርኪ ጎማ እንነዳት ነበር፤ ለቡሄ የምናጮኸውን ጅራፍ የምንገምደው ራሳችን ነበርን፤ ሲበጠስም መልሰን እንቀጥለው ነበር። ዛሬም ምናለሽ ተራ ቢሄዱ አሮጌ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሲሆን ያያሉ። ልጆቻችንን ወደዚያ ብንወስዳቸው ይሻላል፤ የዚያ ሰፈር ልጅ እንደሆነ የካምፑን ክፍያ አይችልም።

መምህርቷ፦ የክፍያው ነገር እውነት ነው፤ መንግሥት ትምህርት ቤቶች በክረምት ባዶ የሚውሉ ክፍሎቻቸውን ቢከፍቱ ግማሹ ወጪ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። ልጅን ወደ ብረት ቀጥቃጭ መላክ የሚለው ሐሳብ ግን ያሳስበኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቀጥሮ እንዳይሠራ የከለከለው በምክንያት ነው፤ «ይማር» ተብሎ የገባ ልጅ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ሲቀር አይተናል። የሽቦ መኪናውንም እወደዋለሁ፤ ሆኖም ልጁ ሽቦውን ሲያጥፍ ያየዋል፤ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ግን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል።

ባለሙያው፦ ልጅ ይቀጠር አላልኩም፤ አዋጁንም አከብራለሁ። ባለሙያው ወደ ካምፑ ይምጣ ነው የምለው። የሱቄ መደርደሪያ ባለቤት ባጣ ሬዲዮ ሞልቷል። አንዱን ለሁለት ልጆች ቢሰጡ፣ ጀርባውን ፈትተው የኤሌክትሪክ መለኪያ በሆነው ቴስተር ከባትሪው ጀምረው መብራቱ የት ድረስ እንደሚደርስ ቢከተሉ፣ ድምፅ የሰማን ዕለት እኔም ከወላጆቹ ጋር አጨበጭባለሁ።

መምህርቷ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ለዚህ ሁለት ሳምንት አይበቃም፤ አንዳንዱ ሬዲዮም ሳይድን ይቀራል። በመዝጊያው ዕለት የሚሄድ መኪና ለማየት የሚመጣ ወላጅ፣ ተፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ሬዲዮ ሲያይ «ገንዘቤ የታለ?» ይለናል። ልጆቹን «አትንኩ» የሚለው አስተማሪም የሚፈራው ይህንኑ ነው።

ባለሙያው፦ እውነት ነው፤ እኔም ያጨበጨብኩት ውስጧን ሳላይ ነው። በመጪው ክረምት ልጄን ከማስመዝገቤ በፊት አስተባባሪዎቹን የምጠይቃቸው፣ ዕቃው ሲበላሽ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ነው፤ «እኛ» ካሉኝ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።