መድኃኒቱ ነጻ ነው፤ ምግቡስ?

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ እንደሚሰጥ ይገልጻል። እውነት ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። ታናሽ ወንድሜ የዳነው በዚሁ ነው። ለመድኃኒቱ አንድ ብር አልከፈለም።

ግን ሕክምናው 6 ወር ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት 4 ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ ለ4 ወር 2 ዓይነት። ወንድሜ የቀን ሠራተኛ ነው። ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ገቢው ቀጥ አለ። የታክሲው ወጪ፣ የራጁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምግቡ! መድኃኒቱ ሲጀመር ያቅለሸልሻል፤ ሻል ሲለው ደግሞ ረሃቡ አይጣል ነው። እንቁላልና ወተት ከየት ይምጣ? እናቴ የዕቁብ ዕጣዋን ለምና አስቀድማ ወስዳ ነው ያን ጊዜ ያለፍነው።

በ3ኛው ወር «ድኛለሁ፣ ሥራ ልግባ» ብሎ ሊያቋርጥ ነበር። አልለቅህም ብላ ያስጨረሰችው እናቴ ናት። ቢያቋርጥ ኖሮ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችል ነበር። ያኔ ሕክምናው ለእሱም ከባድ፣ ለመንግሥትም እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርን የምለምነው፣ ገቢ ለሌላቸው ታካሚዎች ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 2 ወራት የምግብና የትራንስፖርት ገንዘብ ይመደብላቸው።