ይድረስ ለክፉው ሱፐርማን

ጉዳዩ፦ በዛህብን ስለማለት

ክቡር ባለካባ ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? የጤናዎን ነገር እንኳ አልጠይቅም። ጥይት አይበሳዎት፣ እሳት አይነካዎት፣ ጉንፋን ራሱ ፈርቶ አይጠጋዎትም። እኛ ግን በእርስዎ ምክንያት ደህና አይደለንም። ስልክ ስንከፍት እርስዎ። ቴሌቪዥን ስንከፍት እርስዎ። ፀጉር ቤት ወረፋ ይዘን ብንቀመጥ ጎናችን ያለው ልጅ ስልክ ላይ፣ ካባዎ እየተውለበለበ፣ ዓይንዎ ፍም መስሎ፣ የማናውቀውን ከተማ ያነዱታል። ልጁ ደግሞ ድምፁን አይቀንስም።

ይቅርታ፣ ይሄ አንቱታ ከዚህ በላይ አልሄደልኝም። አንተ ልበልህ። መቼም አንተም አንቱ የምትለው ሰው የለህም።

ብዙ ከመሆናችሁ የተነሳ እርስ በርስ ሳትምታቱ አትቀሩምና መጀመሪያ ማንነትህን ላስታውስህ። ከሰማይ የወረድክ ወይም ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራህ ልጅ ነህ። ትበራለህ። ባቡር ታቆማለህ። ሕዝብ ይወድሃል፣ ሐውልት ያቆምልሃል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሲሰጥህ፣ ፈገግታህ ቀስ ብሎ ከፊትህ ይጠፋል፤ ሙዚቃው ይወፍራል፤ እኛም ሶፋው ላይ እንዳለን «በቃ፣ ይሄም ክፉ ነው» እንባባላለን። ትንሽ ቆይቶ አንድ ምስኪን ለሁለት ይሰነጠቃል። ፊልም አሳጥረው በአማርኛ የሚተርኩልን ልጆች እንኳ ስምህን መጥራት ሰልችቷቸው «ይሄ ኃይለኛ ሰውዬ» ብለው ያልፉሃል። ኮሜንት ላይ ግን አይጠፋም አንድ ሰው፦ «ዋው! ማንም ያላሰበው ሐሳብ!»

ማንም ያላሰበው? እስቲ ተቀመጥ። ወንበሩን እንዳትሰብር ብቻ።

በ1933 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጄሪ ሲገል እና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ልጆች፣ ራሳቸው እያባዙ በሚያወጧት ትንሽ መጽሔት ላይ አንድ ታሪክ አወጡ። አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ጉልበቷ የከዳት ጊዜ ነው። አንድ ሳይንቲስት ዳቦ ለመቀበል ከተሰለፉት ድሆች አንዱን መርጦ ይወስድና ከሰማይ ከወደቀ ድንጋይ የቀመመውን ነገር ይሰጠዋል። ሰውየው የሰው ሐሳብ ማንበብ ይጀምራል። ይሄን ሁሉ ጸጋ አግኝቶ ምን አማረው? ዓለምን መግዛት። መላጣ ነው፣ ካባ የለውም፣ መብረርም አይችልም፤ የሚጠራው ግን ሱፐር ማን ተብሎ ነው።

ገባህ? ታላቁ አንተ ነህ። ደጉ ከአንተ አምስት ዓመት ዘግይቶ፣ በ1938፣ አክሽን ኮሚክስ በሚባል ኮሚክ (በሥዕል ታሪክ የሚተርክ መጽሔት) የመጀመሪያ ዕትም ላይ መኪና ከአናቱ በላይ አንስቶ ብቅ አለ። ልጆቹ አንተን ሞክረውህ፣ አገላብጠው አይተውህ፣ ትተውህ ሄደዋል። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ጸሐፊ ተነስቶ «ሱፐርማን ክፉ ቢሆንስ?» ሲልህ አትኩራ። የተጣለ ረቂቅ አንስቶ ነው። (በነገራችን ላይ ሁለቱ ልጆች የደጉን መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ክፋት መማር ከፈለግህ ከዚያ ውል ጀምር።)

ደጉም ቢሆን ሲጀምር እንደዚህ ጨዋ አልነበረም። አክሽን ኮሚክስ 8ኛ ዕትም ላይ ድሆች የሚኖሩበትን የተጎሳቆለ ሰፈር በእጁ ይንደዋል፣ መንግሥት ሳይወድ በግድ አዲስ ቤት እንዲሠራላቸው። 12ኛው ላይ ደግሞ በግዴለሽ ሹፌሮች ተናድዶ መኪና ሲሰባብር ይውላል። ይሄን ሁለተኛውን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ብዙ ጊዜ በልቤ ደግፌዋለሁ። ስለ መጀመሪያው፣ ስለ ሰፈር ማፍረስ፣ አሁን ባልናገር ይሻለኛል።

ከዚያ ዘመዶችህ መጡ። የ1983ቱን ታስታውሰዋለህ? ሦስተኛው የሱፐርማን ፊልም ላይ፣ አስመስለው በሠሩት ክሪፕቶናይት (ሱፐርማንን በሚያደክመው ድንጋይ) ተመርዞ የከፋውን? የሠራውን ጉድ ልንገርህ። የፒሳን ዘንበል ያለ ግንብ ቀጥ አደረገው። የኦሊምፒክ ችቦ እፍ ብሎ አጠፋ። ቡና ቤት ቁጭ ብሎ እየጠጣ፣ ጺሙን ሳይላጭ፣ ኦቾሎኒ በጣቱ እያስፈነጠረ የመጠጥ ጠርሙስ ሰበረ። አንድ የነዳጅ መርከብ መብሳቱን ካልቆጠርንበት ይሄ ሰው የዓለም ስጋት አይደለም፤ በየሰፈሩ አንድ አንድ አለ፣ ሚስቱ ናት የምትፈልገው።

ሁላችሁንም በጅምላ አልሰድብም ግን። ከመካከላችሁ ሰው የሆኑም አሉ።

በ1985 ማርክ ግሩንዋልድ የሚባል ሰው ስኳድሮን ሱፕሪም የተሰኘ ባለ 12 ዕትም ኮሚክ መጻፍ ጀመረ። ጀግኖቹ ክፉዎች አይደሉም። ጭራሽ ደግነት አብዝተው ነው የጠፉት። ረሃብ ይጥፋ፣ ጦርነት ይቅር፣ ወንጀል ይቁም፤ እሱ እስኪሆን ድረስ ግን አገሩን ለጥቂት ጊዜ እኛ እንያዘው አሉ። ለጥቂት ጊዜ። ቀጥሎ የወንጀለኛን አእምሮ የሚያርም ማሽን ሠሩ፣ ለበጎ ነገር። ቀጥሎ ከጀግኖቹ አንዱ «አላገባህም» ያለችውን ፍቅረኛውን ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ እንድትወደው አደረጋት። ከተማ አልነደደም፣ ማንም ለሁለት አልተሰነጠቀም፣ እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ውሃ ጠጣሁ። ግሩንዋልድ ሲሞት ደግሞ፣ ራሱ በጠየቀው መሠረት፣ የአስከሬኑ አመድ ከማተሚያ ቀለም ጋር ተደባልቆ የዚህ ሥራ ጥራዝ ታትሞበታል። አየህ፣ እሱ የገዛ አመዱን ነው የሰጠው። ዛሬ አንተን የሚጽፉህ ሰዎች አመድ የሚያደርጉት መንገደኛውን ነው።

በ2003 የወጣው ሬድ ሰን የተባለ ኮሚክ ላይ ያለውም ዘመድህ አይከፋም። መንኮራኩሩ ካንሳስ መውደቋን ትታ ዩክሬን፣ የሶቪየት የኅብረት እርሻ ላይ ትወድቃለች። ልጁ ያው ደግ ልጅ ነው። ማንም እንዳይራብ፣ ማንም እንዳይጎዳ ብሎ ሲጠብቅ ሲጠብቅ አምባገነን ሆኖ አረፈው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ማርክ ዌይድ የሚባል ጸሐፊ በ2009 ኢሪዲመብል በተሰኘ ኮሚክ ላይ ያመጣው ፕሉቶኒያን ነው። የሱ በሽታ ጆሮው ነው። ከኪሎ ሜትሮች የሚወራውን ይሰማል። አንድ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ከሞት አትርፎ ገና እጁን ሲያውለበልብ፣ ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ መካከል የአንድ ሰው ሽሙጥ ጆሮው ውስጥ ትገባለች። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እሷ ብቻ ትቀራለች። እኛ እኮ ጎረቤት ከጎረቤት ተዋደን የምንኖረው ግድግዳ ስላለ ነው። ከኋላህ የሚባለውን ሁሉ የምትሰማ ብትሆን፣ እንኳን ባለ ጨረር ዓይን፣ እናቴም ሰው ታቃጥላለች። (ይሄን ደብዳቤ ስጽፍ እሱ ትዝ ብሎኝ ትንሽ ፈርቻለሁ። ወንድም ፕሉቶኒያን፣ አንተን አይደለም።)

አሁን ወደ ዋናው፣ ስልካችንን ወደ ወረርክበት ዘመን እንምጣ። 2019 ላይ በአንድ ዓመት ሁለት ሆነህ መጣህ። በግንቦት ብራይትበርን የተባለው ፊልም፦ ያው ካንሳስ፣ ያው እርሻ፣ ያው ልጅ የተመኙ ደግ ባልና ሚስት፣ ልጁ ብቻ ሰው በላ። በሐምሌ ዘ ቦይስ የተባለው ተከታታይ ፊልም፦ እዚያ ስምህ ሆምላንደር ነው።

ስለ ሆምላንደር እውነቱን ልናገር። የአውሮፕላኑ ክፍል ላይ ጎበዝ ነበርክ። ጠላፊዎቹን ትገድላለህ፣ ጨረርህ አልፎ መቆጣጠሪያውን ያቃጥለዋል፣ አውሮፕላኑ መውደቅ ይጀምራል። ከታች ደግፈህ አንሳው ስትባል «ምን ላይ ቆሜ?» ትላለህ፣ አየር ላይ እግር የሚያሳርፉበት ነገር የለማ። እዚህ ድረስ ፊዚክስ ነው፣ ይቅር እንልሃለን። የሥራ ባልደረባህ ሜቭ ቢያንስ ጥቂቱን ይዘን እንውጣ ብላ ስትለምንህ ግን እምቢ አልክ፤ የተረፉት የሆነውን ያወሩብሃላ። ሁሉንም ትተሃቸው በረርክ። ከዚያ ባሕር ዳርቻው ላይ፣ ስብርባሪው ገና እየተንሳፈፈ፣ ካሜራ ፊት ቆመህ አዘንክ። እንዴት አምሮብህ አዘንክ! የመከላከያ ሥራ ውስጥ ብትገባ ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር ብለህ ለድርጅትህ ገበያም ሠራህበት። እዚያ ጋ ካባ የለበሰ ጭራቅ ሳይሆን የምናውቀውን ሰው ነው ያየሁት፤ ክራቫት ቢያስሩለት አንድ መግለጫ ላይ የምናገኘው ዓይነት።

ኦምኒ ማን የሚባለው ዘመድህም እንደዚሁ። ኢንቪንሲብል የተባለው ተከታታይ ካርቱን ላይ የገዛ ልጁን አንገቱን ይዞ ከሚመጣ ባቡር ፊት አቆመው፣ ባቡሩም ሰዎቹም በልጁ ላይ አለቁ። ስለዚያ ብዙ ተወርቷል፣ ሚምም ተሠርቶበታል። እኔን የገደለኝ ሌላ ነው። ለልጁ «እናትህን እወዳታለሁ፣ ግን እንደ ቤት እንስሳ» ይለዋል። ሚስትየዋ ደግሞ በስክሪን እየሰማች ነው። ሃያ ዓመት አብራው የኖረች ሴት! ቺካጎ ሲፈርስ እያየሁ ብስኩቴን እየበላሁ ነበር፣ እዚህ ጋ ብስኩቱን አስቀመጥኩት።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ኮራጆችህ የወሰዱት ምንድነው? ቀይ ዓይን። በቃ። ዓይኑ ከቀላ ጥልቀት አለው። ሰው ከቀደደ ለአዋቂ ነው። ሁለቱን ካደረገ «ስለ ሥልጣን የሚያስተምር» ነው።

ስለ ሥልጣን! ለማን? ፍልስፍናችሁ ሲጠቃለል እኮ አያቶቻችን ያለ ምንም ስፔሻል ኢፌክት የጨረሱት ነው፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። እኔ አንድ ማኅተም ብቻ የያዘ ሰው መስኮት ላይ «ነገ ተመለሱ» እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ። የሰውየው ኃይል ጠቅላላው አንድ ክብ ማኅተምና አንድ ሰማያዊ ቀለም ነበር፣ እሱን ይዞ ስንት ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አቁሟል። ለሱ ጨረር ቢጨመርለት ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ስምንት ክፍል ተከታታይ ፊልም አያስፈልገኝም። ኃይል ያለው ሰው ከፋ ብለህ ልታስደነግጠኝ ነው? ዜና ብለህ ያመጣህልኝ እሱን ነው?

የሚገርመው ደግሞ የሚያደንቁህ መብዛታቸው። ሆምላንደር በ2022፣ የሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ፣ ልጁ ላይ ዕቃ የወረወረን ሰው አደባባይ መሐል አናቱን በጨረር አፈነዳው። ሕዝቡ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ አጨበጨበ። ጸሐፊዎቹ እንግዲህ እናንተን ነው፣ ራሳችሁን እዩ እያሉ ነበር። የኛ ጎረምሶች ምን አደረጉ? ያቺኑ ቅንጭብ ሙዚቃ አስገብተውባት፣ «ወንድ ማለት» ብለው ጽፈውባት፣ ፕሮፋይላቸው ላይ ለጠፏት። አንዱን ደፍሬ ምኑን ወደድክለት አልኩት። «ማንንም አይፈራም» አለኝ። ሰውዬው እኮ ፍቅር ሲነሱት አልቅሶ የሚያድር፣ ወተት ሲያይ ልቡ የሚቀልጥ፣ ያሳደገው አጥቶ የጎለመሰ ሕፃን ነው፤ እሱን እንኳ አላየውም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው። ለተወሰነ ጊዜ እረፍት ውጣ። ፈቃድህን ማንም አይከለክልህም፣ ማን ይችላል? አንተ እስክትመለስ ጸሐፊዎቹ ከባዱን ይሞክሩ። ሰማይ የሚበር፣ ግድግዳ አልፎ የሚያይ፣ ሆኖም ባንክ ቤት ቁጥር ቆርጦ ተራው እስኪደርስ የሚቀመጥ ሰው ይጻፉልኝ። ተቆጥቶ ድምፁን የሚቀንስ። ተሳስቶ ይቅርታ የሚጠይቅ። እሱን አሳማኝ አድርጎ ለጻፈ ሰው እኔ ራሴ ካባ አለብሰዋለሁ፣ ባለ ወርቅ ጥልፉን።

«የማይመስል ነገር» እንዳትለኝ። ብራይትበርንን ፕሮዲዩስ ያደረገው ጄምስ ገን ራሱ በ2025 ዞሮ መጥቶ ደጉን ሱፐርማን ዳይሬክት አደረገ። እዚያ ላይ ሰውዬው ከግዙፍ አውሬ ጋር እየተደባደበ፣ ሕንፃ እየተናደ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ሽኮኮ አንስቶ ከአደጋ ያወጣል። ሲኒማው ውስጥ ከኋላዬ አንዱ «አሁን ይሄ ይታመናል?» አለ። የሚበረውን ሰው አምኗል፣ አውሬውን አምኗል። ሽኮኮዋ ላይ ነው የከበደው።

መልስህን በጽሑፍ አሳውቀኝ። በመስኮት እንዳትገባ፣ መስታወቱ ገና አሁን ነው የተቀየረው።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፊልም ጸሐፊዎች በሙሉ፣ ባሉበት
ፀጉር ቤት ጎኔ ለተቀመጠው ልጅ (ኢርፎን እንዲገዛ)
ለሽኮኮዋ፣ እንድታውቀው