ማታ ሌላ፣ ፍርድ ቤት ሌላ

ከአሜሪካ የፖለቲካ ፕሮግራም አቅራቢዎች ታከር ካርልሰን የቀኙ፣ ሬቸል ማዶው የግራው ድምፅ ናቸው። ደጋፊዎቻቸው በአንድም ነገር አይስማሙም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ነው። እሱ ከትራምፕ ጋር ግንኙነት ነበረኝ ስላለችው ሞዴል ካረን ማክዱጋል፣ እሷ ስለ ቀኝ ዘመሙ የዜና ጣቢያ ኦኤኤን በተናገሩት የስም ማጥፋት ክስ መጣ። የጠበቆቹ መከራከሪያ ቁርጥ አንድ ዓይነት! አስተዋይ ተመልካች ንግግሩን እንደ ተጨባጭ እውነት አይወስደውም አሉ። ዳኞቹም ተቀበሏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለቱም ክሶች ውድቅ ሆኑ። የመናገር ነፃነት ይጠበቅ፣ በዚህ ቅር አይለኝም። ግን ያኔ ማታ ማታ ካሜራው ላይ አፍጥጠው ሲያወሩ ይህንን ለምን አልነገሩንም? ሰው እኮ በእነሱ ወሬ ከወንድሙ ጋር ተኳርፏል! አሜሪካ ያሉ የእኛ ሰዎችም ሳይቀሩ። ያንን የጠበቆቻቸውን ቃል ፕሮግራሙ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ በትልቁ ይጻፉት።