መንገዱን ስቴቱ ዘግቶ ፖይንቱ ለእኔ?

ሀገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ በደወሉ ቁጥር «አየሩ ተስማማህ ወይ?» ይሉኛል። አልተስማማኝም። ዎርዚንግተን፣ ሚኒሶታ ዓመታት ኖሬ ዛሬም አልተስማማኝም። ሌላ ስቴት ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ «ወፍራም ጃኬት ግዛ፣ ትለምደዋለህ» ይላሉ። ጃኬቱንማ ገዝቻለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። አየሩ የሁሉም ሆኖ ሳለ ዕዳው የሠራተኛው ብቻ መሆኑ ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት ከሥራ የቀረ ሰው የቅጣት ነጥብ፣ ፖይንት የሚሉት፣ ይያዝበታል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዎርዚንግተን በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ለአይዋ ድንበር ቅርብ የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 14 ሺህ አይሞላም ነበር። ዙሪያዋ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ነው። ሀበሻም አለ፣ ሜክሲኮም አለ፣ ከእስያ የመጣውም ብዙ ነው። ሁላችንም እንጀራ ፍለጋ የመጣን ነን።

አገሩ ከባሕር እጅግ የራቀ ነው። ባሕር ዳር ያለ ሕዝብ ብርዱም ሙቀቱም ይለዝብለታል። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። እኛ ጋ የሚያለዝብ ነገር የለም። በሰሜን በኩል ከአርክቲክ የሚወርደውን ብርድ የሚያግድ ተራራ የለም። በደቡብ በኩልም እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ድረስ ሜዳ ነው፤ የዚያ ወበቅ ያለ ከልካይ ይመጣል። ለዚህ ነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቲሸርትም ካፖርትም የምንለብሰው።

ብርዱን ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር። ነፋሱ ነው የሚገድለው። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ቡፋሎ ሪጅ የሚባል ከፍታ አለ። በነፋስ መብራት የሚያመነጩ ማማዎች በመቶዎች ተተክለውበታል። ባለሀብቶች ያን ያህል ገንዘብ እዚያ ያፈሰሱት ነፋሱ እንደማያርፍ አውቀው ነው። ሰውነታችን ዙሪያውን ያለውን አየር በራሱ ሙቀት ያሞቀዋል። ነፋስ ሲመጣ ያንን ሙቀት ገፎ ይወስደዋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ የሚሰማን ከዜሮ በታች 28 ነው። በዚህ ጊዜ ያልተሸፈነ ጆሮ ወይም ጣት በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ይጎዳል። ከዜሮ በታች 18 ደግሞ ጃንዋሪ ላይ ማንም የማይገረምበት ቁጥር ነው።

መንገዱስ? ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ከላይ ምንም ሳይወርድ መንገዱ ይጠፋል። ቀደም ብሎ የጣለውን ደረቅ በረዶ ነፋሱ ከታጨደው የበቆሎ ማሳ ላይ እየጠረገ አስፋልቱ ላይ ይነዳዋል። ቀና ስትል ሰማይ ይታይሃል፤ ፊት ለፊትህ ያለው መኪና ግን አይታይህም። ይሄ ሲሆን የሚኒሶታ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ኢንተርስቴት 90 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘጋል። መዝጋቱ ትክክል ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ተዘግቶ የገባ ሰው በሕግ ይቀጣል፣ ለማውጣት የወጣውን ወጪም ሊከፍል ይችላል።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ። ሥራዬ ከከተማው ውጭ ነው፤ በዚሁ መንገድ ነው የምሄደው። የሥራ ቦታችን ደንብ የቀረ አንድ ፖይንት፣ ያረፈደ ግማሽ ፖይንት ይላል። ፖይንቱ ሲሞላ ስንብት ነው። ባለፈው ዊንተር መንገዱ ተዘጋ። ስልክ ደውዬ አሳወቅሁ። ሲከፈት ሄድኩ። ፖይንቱ ተጽፎ ጠበቀኝ። «መንገዱን እኮ ስቴቱ ነው የዘጋው» ብል፣ ሱፐርቫይዘሩ «ሌሎቹ መጥተዋል» አለኝ።

እንዴት እንደመጡ ጠይቋል? እኔ ልንገራችሁ። ገሚሶቹ እዚያው አቅራቢያ ነው የሚኖሩት። የቀሩት በገበሬው ጠጠር መንገድ ዞረው ነው የመጡት። ያ መንገድ ቶሎ አይጠረግም፣ በሌሊት ሰው አያልፍበትም፣ ስልክም ቦታ ቦታ ላይ አይሠራም። አንድ የሀገሬ ልጅ በዚያ በኩል ሲሄድ መኪናው ቦይ ውስጥ ገባ። ሂተሩን ከፍቶ እርዳታ ሲጠብቅ አደረ። የጭስ ማውጫው በበረዶ ቢደፈን ኖሮ ጭሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ ተኝቶ ይቀር ነበር። የሁለት ልጆች አባት ነው። ለአንድ ፖይንት!

የአካባቢው ሰው ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጃንዋሪ 12፣ 1888 ጠዋት ሞቅ ያለ ነበር። ሰው ካፖርቱን ቤት ትቶ ወጣ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሄዱ። ከዚያ ድንገት ማዕበሉ መጣ። በዳኮታ፣ በነብራስካና በሚኒሶታ 235 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የጠፉ ልጆች ናቸው። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ «ሌሎቹ መጥተዋል» የሚሉን። ትምህርት ቤቱም እኮ ይዘጋል። ልጄን ቤት አስቀርቶ እኔን ና የሚለኝ ማነው? ማን ያይልኛል?

አየሩ በዓሉንም ይበላብናል። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው። ሁለቱም በብርዱ እምብርት ላይ ይውላሉ። ብዙ ሀበሻ ያለባት ሱ ፎልስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ግን መንገዱ በዚያው በ90 ነው። እናቶች ነጠላቸውን አጥበው፣ ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ መንገድ ተዘጋ ተብለው ቁጭ ይላሉ። ጃንሜዳን ያየ ሰው ጥምቀትን ሳሎን ውስጥ በስልክ ማየት ምን እንደሚያህል ያውቀዋል። ይሄኛው በማንም አይፈረድም፤ ግን ያማል።

«ስፕሪንግ ሲመጣ ያልፋል» እንዳትሉኝ። በኤፕሪል 2013 ሲያርፍ በረዶ የሚሆን ዝናብ ዎርዚንግተንን መትቶ ዛፉንና የመብራት መስመሩን ሰባብሯል። የቆዩት ሰዎች ዛሬም ያነሱታል። ቶርኔዶውም አለ። የማስጠንቀቂያ ሳይረኑ በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ለሙከራ ይጮኻል፤ አዲስ የመጣ ሰው ልቡ ይቆማል። «የቶርኔዶ ወራት» የሚባለውም ተቀይሯል። ዲሴምበር 15፣ 2021 ሚኒሶታ ውስጥ ቶርኔዶ ወረደ፤ በስቴቱ መዝገብ በዲሴምበር ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሰመር ላይ ደግሞ ወበቅ ነው። በቆሎው ራሱ ውሃ ይተነፍሳል። አንድ ኤከር በቆሎ በቀን ከ11 ሺህ እስከ 15 ሺህ ሊትር ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ከተማው ዙሪያውን በቆሎ ነው፤ አስቡት። ሴፕቴምበር ብቻ ደህና ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሰማዩ ይጠራል፣ ኦካቢና ሐይቅ ዳር መቀመጥ ይቻላል። እሱም ሳይጠገብ ያልቃል።

አየሩን ማንም አይቀይረውም፣ አልጠየቅሁም። ደንቡ ግን በወረቀት የተጻፈ ነው፤ በወረቀት ይቀየራል። ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ያላችሁ ሰዎች፣ ድርድር ሲመጣ አንድ መስመር አስገቡ፦ ስቴቱ የሠራተኛውን መንገድ በዘጋበት ሰዓት ፖይንት አይያዝ። ዩኒየን የሌለን ደግሞ ሰብሰብ ብለን እንጠይቅ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያመለክት ሰነፍ ይባላል።

እስከዚያው ግን ከቤት ሳትወጡ 511ን፣ የስቴቱን የመንገድ ሁኔታ መረጃ፣ ክፈቱ። መንገዱ ተዘግቷል የሚለውን ገጽ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። መቅረታችሁን ለማሳወቅ የደወላችሁበትን ሰዓትም መዝግቡ። ስለ ፖይንቱ ስትጠየቁ እሱን አቅርቡ። እኔ የባለፈውን ፖይንት ለማሰረዝ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። መልስ ሲሰጡኝ እዚሁ እጽፋለሁ።