ከዚራ ላይ የተሰቀለችው ቦሊቪያ

ድሬ ውስጥ ባንዲራ የሚሰቅል ሞልቷል። የጠፋው የሚያወርድ ነው። የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲደርስ አንዱ መሰላል ይይዛል፣ አንዱ ገመድ ይስባል፣ አምስቱ ደግሞ ጥላ ስር ቆመው «ወደ ግራ በለው እንጂ አቦ!» እያሉ ያዛሉ። በዓሉ ያልፋል። መሰላሉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ባንዲራው እዚያው ይቀራል።

ከዚያ ፀሐይዋ ትረከበዋለች። ቀዩ ሮዝ ይሆናል፣ ቢጫው ነጭ፣ አረንጓዴው ስም ወደሌለው ቀለም ይሄዳል። አዋጅ ቁጥር 654/2001 የነተበና የተቀደደ ባንዲራ አይሰቀልም ይላል፤ አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ግን የድሬን የቀትር ፀሐይ ያዩ አይመስለኝም።

መሥሪያ ቤት ላይ ያለው ደግሞ ማታ 12 ሰዓት መውረድ አለበት። ማን ያውርደው? በዚያ ሰዓት በርጫው ደምቋል፣ ምርቃናው ገና መያዙ ነው፣ የአገር ጉዳይም የሚሠራው በአፍ እንጂ በገመድ አይደለም።

አሰቃቀሉ ራሱ የጂኦግራፊ ፈተና ነው። አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ መሃል፣ ቀይ ከታች፣ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ፤ በቃ ይሄው ነው፣ ልጅ ያውቀዋል። ግን ልሙጡን ገልብጣችሁ ቀዩን ወደ ላይ ካደረጋችሁት ቦሊቪያን ሰቀላችሁ ማለት ነው። (ዓርማ ይኑረው አይኑረው የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ የፈለገ በርጫ ላይ ያንሳው።) በረንዳ ላይ ቁልቁል አንጠልጥላችሁት አረንጓዴው በተመልካቹ ግራ ከዋለ ማሊ ነው፣ ቀዩ በግራ ከዋለ ጊኒ። ባለፈው በዓል የድሬን ከዚራ ሰፈር ከላይ እስከ ታች በእግሬ ስሄድ ሦስቱንም አገር ጎብኝቻለሁ፣ ያውም ያለ ፓስፖርት። የኛም አገር አልፎ አልፎ ብቅ ትል ነበር።

የሚገርመኝ፣ ስለ ባንዲራ ክብር በርጫ ላይ ጠረጴዛ የሚደበድበው ሰውዬ የራሱ ባጃጅ መስታወት ላይ የለጠፋት ባንዲራ ግማሿ በማስታወቂያ ተሸፍኖ መንዳቱ ነው። ብትነግሩት ደግሞ እናንተን ነው አገር አልወደዳችሁም የሚላችሁ።

በቀደም አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተሰቀለው ኮከቡ ሳይቀር ተዘቅዝቆ አየሁ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው፣ ወንበራቸውን ጥላ ስር አድርገው ጉንጫቸውን ወጥረዋል።

«አባባ፣ ባንዲራው ተገልብጧል» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩትና «አብሽር» አሉኝ፣ «ነፋሱ ይመልሰዋል።»