ቅጠሉን ለማን ነው ባዶ የምታደርጉት?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሰዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ማይኩን ጨብጠው «ሰላጣ ላይ አንድም ባክቴሪያ መቅረት የለበትም። ጥሩ ባክቴሪያ የሚባለው የፈረንጅ ማስታወቂያ ነው» አሉ። መፍትሔው? በረኪና። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔ ግን ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

የፈረንጅ ማስታወቂያ! ይህን ያሉት ሰውዬ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንጀራ ሲበሉ ነበር። ሊጡን ማን አጎመዘዘው መሰላቸው? እርሾው ውስጥ ያሉት ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እርጎውንም የሚያረጉት የእነሱው ዘመዶች ናቸው። እናቶቻችን ባክቴሪያ የሚል ቃል ሳይሰሙ ከጎረቤት እርሾ ይዋዋሱ ነበር። ፈረንጅ የቱ ጋ ነው ያለው?

ወደ ሰላጣው እንምጣ። አንድ ግራም ቅጠል ላይ ከአሥር ሺዎች እስከ ሚሊዮኖች ባክቴሪያ ይኖራል። አብዛኛው ከሰው ጋር ጉዳይ የለውም። ከቅጠሉ የሚወጣውን ስኳር ይበላል፣ ብረት ይሻማል፣ አንዳንዱ አሲድ ይሠራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሌላውን የሚገድል ፕሮቲን ያመርታል። ከላክቲኮቹ አንዱ የሚሠራው ኒሲን የሚባል ፕሮቲን በ1969 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትና የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባለሙያዎች አምነውበት ዛሬ በብዙ አገር አይብ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ሰው የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች፣ ሳልሞኔላ ወይም ክፉው ኢ.ኮላይ፣ ሲመጡ ወንበሩ ተይዞ ይጠብቃቸዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? በረኪናው ባለቤቱን አባሮ አጥሩን ከፍቶ ይሄዳል። ሊስቴሪያ የሚባለው ሌላው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ፣ ነባሮቹ ባክቴሪያዎች በተመናመኑበት ቅጠል ላይ ይበልጥ ሲራባ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ደግሞ በረኪና ሁሉንም አይጨርስም። ቢበዛ ከ100 ውስጥ 99ኙን ነው። ከሚሊዮን 10 ሺህ ይተርፋል፣ ያውም በተቆረጠው ጠርዝ ውስጥ ተሸሽጎ። ከዚያ ሰላጣው ሥጋ በተከተፈበት መክተፊያ ላይ ያርፋል። ባዶ ቤት፣ አዲስ ተከራይ!

አሜሪካኖቹን እዩ። በ2006 እ.ኤ.አ. ታጥቦ፣ በላስቲክ ታሽጎ የተሸጠ ስፒናች ወደ 200 ሰው አሳመመ፣ የሞተም ነበር። ያው የኢ.ኮላይ ዓይነት በኋላ የተገኘው ማሳው አካባቢ ባሉ ከብቶችና የዱር አሳማዎች እዳሪ ውስጥ ነው። ጣጣው የመጣው ከማሳው ነበር፤ እጥበቱም አላዳነም።

ኮሌራ ሲነሳ አልከራከርም፣ በረኪናችሁን አፍስሱ። እጥበትም አይቅር። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ስለ መስኖው ውሃ፣ ስለ ጥሬ ፍግ፣ ቅጠሉ ጠውልጎ እንዳይታይ ገበያ ላይ ስለሚረጭበት ውሃ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተነሳም። ወራሚት የአትክልትና ፍራፍሬ ምርምር አለን። ዘንዘልማ የግብርና ኮሌጅ አለን። ከራሳችን ቆስጣና ሰላጣ ላይ ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ለይተው ቢያወጡልን ከአሥር ሥልጠና ይሻለኛል። ለሥልጠና አበል የሚሆን ብር ካለ ለዚህ እንዴት ይጠፋል?

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ጎራ አልኩ። አንዲት ልጅ በአንድ ባልዲ ሰላጣ ታጥባለች። በረኪናውን በዓይኗ ለክታ ጠብ አደረገች። የመጀመሪያው እስር ሲገባ ውሃው ጥርት ያለ ነበር። አምስተኛው ላይ ቡና መሰለ። በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ከአፈር ጋር ሲገናኝ ጉልበቱ ያልቃል፣ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ያለው እጥበት ከአንዱ እስር ወደ ሌላው ማዳረስ ነው።

«እህቴ፣ ውሃውን አትቀይሪውም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ በረኪና አለበት እኮ» አለችኝና ስድስተኛውን ነከረች።