የአሞራ ገደል ችሎት

ሐዋሳ ዳኛ አልጎደለባትም፣ ተመስገን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አሞራ ገደል ጎራ በሉ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ በሚበላበት ጥላ ሥር ሦስት ሴቶች በሌሉበት ይዳኛሉ። ከሳሽ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ዳጣም አለ።

ተከሳሾቹ ናይትዊሽ በተባለ ባንድ በየተራ የዘፈኑ ድምፃውያን ናቸው፤ ታርያ ቱሩነን፣ አኔት ኦልዞንና ፍሎር ያንሰን። ባንዱ በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ፊንላንድ ውስጥ ኪቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቋቋመ። ከባድ ጊታርን ከኦርኬስትራ ጋር ያጋባል። ዳኞቻችን ስለ ጊታሩም ስለ ኦርኬስትራውም ትንፍሽ አይሉም። ክርክሩ ማን ትበልጣለች ነው፣ አለቀ።

መጀመሪያ የታርያን ወገን ላመስግን። ባንዱ ታርያን ያሰናበታት በጥቅምት 2005፣ ሄልሲንኪ ላይ ኮንሰርቱ እንዳለቀ በደብዳቤ ነው። ደብዳቤውም ለሕዝብ ወጣ። ያኔ ጠበቃችን ዳዴ ይል ነበር። ዛሬ ግን ደብዳቤው በተነሳ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀራል። የገዛ ወንድሙ ከሥራ ሲባረር እንኳ እንዲህ አልሆነም። «ከታርያ በኋላ ባንዱ ሞቷል» ይላል። ከዚያ ወዲህ የወጣ አልበም ሰምተህ ታውቃለህ ሲሉት፣ «የሞተ ነገር ምኑ ይሰማል?» ብሎ አፍ ያስይዛል። እንዲህ ያለ ሎጂክ ዩኒቨርሲቲም አያስተምሩትም።

ለአኔት ያላቸው ርኅራኄ ደግሞ ይለያል። ስዊድናዊቷ በ2007 ስትገባ የታርያን ዘፈኖች በታርያ ድምፅ አልዘፈነችም ተብላ ተከሰሰች። ጥፋቷ የራሷ ጉሮሮ ያላት መሆኑ ነው። ድምፅዋ ወደ ፖፕ ያደላል፣ የኦፔራ አይደለም። በእሷ ዘመን የወጣውን ኢማጂነረም የተባለ አልበም እስኪ ከፍተን እንስማው የሚል ቢገኝ፣ ችሎት መድፈር ነው። ማስረጃ መስማት ፍርድን ያጓትታል።

በ2012 አኔት በአሜሪካ ጉዞ መሀል ከባንዱ ስትለይ፣ ሆላንዳዊቷ ፍሎር በጥድፊያ ተጠርታ መድረክ ላይ ወጣች። የእሷ ወገን የዘመኑ ሰው ነው፣ አራዳ ነው። ማስረጃው አንድ ቪዲዮ ነው፦ በ2013 ጀርመን ውስጥ ዋከን በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ጎስት ላቭ ስኮርን ስትዘፍን። ዘፈኑ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። እነሱ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ሽቅብ የምትለቅባትን ያውቃሉ፣ የቀረውን ለፓኬጅ ቁጠባ ይዘሉታል። ዘፈኑ ታርያ በነበረችበት በ2004ቱ አልበም ላይ የወጣ መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ጠላት ነው። አዲሱ ዘመን ከአሮጌው እንደሚበልጥ በአሮጌው ዘፈን ማስረዳት፣ ኧረ ይሄ ተሰጥኦ ነው!

ቱኦማስ ሆሎፓይነን የሚባል ኪቦርድ ተጫዋችም አለ። ባንዱን ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በሦስቱም ዘመን አብዛኛውን ዘፈን የጻፈው እሱ ነው። ድምፃዊቷ ስትቀየር ዜማው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የሚፈልግ ከእሱ ይጀምር ነበር። ዳኞቻችን ግን ስሙን አንስተው አያውቁም። ጨዋነት መሰለኝ። ሥራ ላይ ያለን ሰው አይረብሹም።

አንድ ቀን ጀልባ የሚቀዝፉ ጋሼ ክርክሩን ቆመው ሰሙና፣ «ልጆች፣ ሴቶቹ ተጣልተው ነው?» አሉ።

«ኧረ አልተጣሉም፣ ጋሼ። ታርያና ፍሎር እንዲያውም በ2013 ቤልጅየም ላይ አብረው ዘፍነዋል።»

«ታዲያ ማን አቤት ብሎ ነው?»

መልስ የለም። አንድ ኪሎ ዓሣ ታዘዘ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚል ይኖራል። አይፈረድባቸውም እኮ። ሜሲና ሮናልዶን ሲዳኝ የኖረ ሰው ያን ሁሉ ልምድ የት ይጣለው?

ባንዱ የስተርዊንድ የተባለውን አልበም በ2024 ሲያወጣ፣ የኮንሰርት ጉዞ እንደማይኖረው አስቀድሞ አሳውቆ ነበር። ችሎቱ ግን እረፍት አያውቅም። ፍሎር እዚያው ባንዱ ውስጥ እያለች ባለፈው ሳምንት «አራተኛዋ ግን የፍሎርን ያህል አትሆንም» የሚል ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አልፏል። ይግባኝ የለውም።